ወስፌና ስድስት ነጥብ፤ የሉዊ ብሬል ሕይወትና የተማሪ መጻፊያ ምርጫ

ከአሰላ እስከ በቆጂ፣ ከጭላሎ ግርጌ እስከ ካካ ድረስ በአርሲ ደጋ ፈረስ ያለውን ክብር ለሚያውቅ ሰው የኮርቻ ሠሪ ቤት ምን እንደሚመስል መግለጽ አያሻም። ቆዳው በየግድግዳው ይንጠለጠላል፤ ልጓሙ፣ ጠፍሩና እርካቡ በየማዕዘኑ ይከማቻል፤ ከመሥሪያው መደብ ላይም ቢላዋና ወስፌ አይታጣም። ከፓሪስ በስተምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ኩቭሬ በተባለች መንደር የሲሞን ረኔ ብሬል ቤትም እንዲሁ ነበር። ሲሞን ረኔ የአካባቢው ገበሬ ለፈረሱ የሚያስፈልገውን የቆዳ ዕቃ እየሠራ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። ከባለቤቱ ከሞኒክ ባሮን ከወለዳቸው አራት ልጆች የመጨረሻው ሉዊ ሲሆን፣ የተወለደውም ጃንዋሪ 4 ቀን 1809 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሉዊ ሦስት ዓመት በሆነው ጊዜ፣ በ1812፣ አባቱ ሲሠራ ያየውን አስመስሎ ቆዳ ለመብሳት ሲታገል በእጁ የያዘው ስል መሣሪያ አምልጦ አንድ ዓይኑን ወጋው። ብዙዎቹ የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች መሣሪያው ወስፌ እንደ ነበረ ያትታሉ። በዚያን ዘመን የቁስል ማመርቀዝን የሚያቆም መድኃኒት ስላልነበረ ሕመሙ ወደ ሌላው ዓይኑ ተላለፈ። አምስት ዓመት ሲሞላውም የሁለቱም ዓይኖቹ ብርሃን ጨርሶ ጠፋ።

ወላጆቹ ልጃቸውን ከጓዳ አልሸሸጉትም። ይህ በዚያ ጊዜ ለአንድ የመንደር ባለእጅ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ በኢትዮጵያ ገጠርም ቢሆን ለብዙ ቤተሰብ ቀላል ሆኖ አያውቅም። አባቱ በእንጨት ላይ ሚስማር በፊደል ቅርጽ እየመታ ልጁ በጣቱ እየዳሰሰ ፊደል እንዲለይ እንዳደረገው ይነገራል። የመንደሩ ካህን አባ ፓሊዊ ትምህርት ጀመሩለት፤ የመንደሩ መምህር ቤሽሬም ከሌሎቹ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል እንዲቀመጥ ፈቀደለት። ልጁ የሰማውን የማይረሳ ስለ ነበረ ከጓደኞቹ ሁሉ ልቆ ተገኘ።

የአብነት ትምህርት ቤት ያየ ኢትዮጵያዊ በዚህ አይደነቅም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማውንና ቅኔውን በቃል ተቀብለው፣ በቃል ቀጽለው ለመምህርነት የበቁ ዓይነ ስውራን ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን በቃል የሚገኝ ትምህርት ሁሉ አንድ ጉድለት አለበት፤ ዕውቀቱ በጆሮ ይገባል እንጂ ጽሕፈቱ በጆሮ አይወጣም። ጓደኞቹ በጠመኔ ሲጽፉ ሉዊ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። የመማር ችሎታው የተሟላ ነበር፤ የተማረውን በገዛ እጁ የሚያሰፍርበት መንገድ ግን አልነበረውም። መላ ሕይወቱ ይህን መንገድ በመፈለግ ያለፈ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በፌብሩዋሪ 1819፣ ዐሥር ዓመት እንደ ሞላው፣ በፓሪስ የዓይነ ስውራን ወጣቶች ንጉሣዊ ትምህርት ቤት ገባ። ይህን ትምህርት ቤት በ1785 ያቋቋመው ቫለንቲን አዊ የተባለ ዓይናማ በጎ አድራጊ ነው። አዊ ታላላቅ የላቲን ፊደሎችን በረጠበ ወፍራም ወረቀት ላይ እያተመ፣ ፊደሎቹ ጎብጠው እንዲዳሰሱ የሚያደርግ ዘዴ ፈጥሮ ነበር። ዓይነ ስውር ሰው ማንበብ እንደሚችል ለዓለም ያሳየ በመሆኑ ውለታው ከቶ አይዘነጋም። ዳሩ ግን ዘዴው ከዓይናማ ሰው ዐሳብ የመነጨ ነበር። ለዓይን የተቀረጸ ፊደል ጎብጦ ቢታተምም ለጣት የተቀረጸ አይሆንም። ተማሪው የእያንዳንዱን ፊደል ዙሪያ በጣቱ እየዞረ፣ የመጀመሪያውን ፊደል ሳይረሳ የመጨረሻው ላይ መድረስ ነበረበት። መጽሐፎቹ ግዙፍና ከባድ፣ ቁጥራቸውም ጥቂት ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን ፊደሎቹ በማተሚያ እንጂ በእጅ የሚሠሩ አለመሆናቸው ነው። ተማሪው በጭንቅም ቢሆን ያነባል፤ ማስታወሻ ልያዝ፣ ለእናቴ ደብዳቤ ልላክ ቢል ግን አይችልም። ጎብኚዎች ልጆቹ ሲያነቡ እያዩ ይደነቁ ነበር። እነዚህ ልጆች ምን ይጽፋሉ ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም።

በ1821 የቀድሞ የመድፈኛ ጦር መኮንን የነበረው ሻርል ባርቢዬ አዲስ ዘዴ ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። ዘዴው በጨለማ የወታደር መልእክት ለማስተላለፍ የታሰበ ነበር እየተባለ በብዛት ይተረካል። ባርቢዬ ራሱ የጻፋቸው ጽሑፎች ግን ትምህርት ያላገኙ ሰዎችንና ዓይነ ስውራንንም ለመርዳት ያሰበው መሆኑን ያሳያሉ። ባርቢዬ የፈረንሳይኛን ድምፆች በስድስት ረድፍና በስድስት ዓምድ፣ በጠቅላላው 36 አድርጎ በሰንጠረዥ ደለደላቸው። አንድን ድምፅ ለመጻፍ በግራ በኩል የሚበሱት ነጥቦች ቁጥር ረድፉን፣ በቀኝ በኩል የሚበሱት ደግሞ ዓምዱን ያመለክታሉ። ስለዚህ አንድ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ሊደርስ ይችል ነበር። ከዘዴው ጋር ቦይ ያለው ገዢና ነጥቡ የሚበሳበት ሹል መውጊያ አቀረበ። ዛሬ በኢትዮጵያ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ስሌትና ስታይለስ የሚባሉት መሣሪያዎች የዚያ ገዢና መውጊያ ልጆች ናቸው።

ተማሪዎቹ ነጥቡን ወደዱት፤ ጣት ከመስመር ይልቅ ነጥብን ፈጥኖ ይለያልና። ከሁሉም በላይ በገዛ እጃቸው ጽፈው መልሰው ማንበብ ቻሉ። ይሁን እንጂ የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ሉዊ ጉድለቱን ለማየት አልዘገየም። ምልክቱ ረጅም ስለሆነ በአንድ የጣት ጫፍ ሥር አይገባም፤ ጣት ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ አለበት። የሚጻፈው ድምፅ እንጂ ፊደል ስላልሆነ ትክክለኛ አጻጻፍ መማር አይቻልም። ሥርዓተ ነጥብ፣ የሒሳብ ቁጥርና የሙዚቃ ምልክት የለውም። ባርቢዬ ዘዴውን ያቀረበው ፈጣንና ቀላል መሆኑን በመመልከት ነበር፤ ተማሪ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘልቅ ምን ምን መጻፍ እንደሚኖርበት የሚያውቀው ግን ተማሪው ራሱ ነው።

ሉዊ ሦስት ዓመት ያህል ሌሊት ሌሊት፣ በዕረፍት ጊዜም ኩቭሬ በአባቱ ቤት ሆኖ ሲበሳና ሲዳስስ ቆየ። በ1824፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው፣ መሠረቱን አገኘ። ምልክቱ ቁመቱ ሦስት፣ ወርዱ ሁለት ነጥብ ይሁን፤ ይህም በአንድ የጣት ጫፍ ሥር ይገባል። ስድስቱን ነጥቦች በልዩ ልዩ መንገድ በማጣመር 63 ምልክቶች ይገኛሉ። አመዳደቡም ለማስታወስ የቀለለ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ፊደሎች የላይኞቹን አራት ነጥቦች ብቻ ይጠቀማሉ። የሚቀጥሉት ዐሥሩ እነዚያኑ ይዘው ከታች በስተግራ አንድ ነጥብ ይጨምራሉ፤ ቀጥለው የሚመጡት ደግሞ ከታች ያሉትን ሁለቱንም ነጥቦች ይጨምራሉ። በ1829 ዘዴውን ለንባብ፣ ለሙዚቃና ለቤተ ክርስቲያን ዜማ እንዲያገለግል አድርጎ አሳተመው፤ በመቅድሙም ለባርቢዬ ያለበትን ውለታ ሳይሸሽግ ገለጸ። በመጀመሪያው እትም ከነጥቦቹ ጋር ጥቂት አግዳሚ ሰረዞች ነበሩበት። ሰረዝ ግን በመውጊያ ለመጻፍ አስቸጋሪ ሆኖ ስለተገኘ በ1837 በወጣው ሁለተኛ እትም አስቀራቸው። የገዛ ሥራውን በተማሪ እጅ ፈትኖ፣ እጅ ያልተቀበለውን መጣሉ ከፈጠራው ያላነሰ ምስጋና ይገባዋል።

በ1833 ብሬል በዚያው ትምህርት ቤት ሙሉ መምህር ሆነ። ሰዋስው፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብና ሙዚቃ ያስተምር ነበር፤ በፓሪስ አብያተ ክርስቲያናትም ኦርጋን ይጫወት ነበር። ተማሪዎቹ በነጥቡ ማስታወሻ ይይዛሉ፣ ሙዚቃ ይገለብጣሉ፣ እርስ በርሳቸው ይጻጻፋሉ። ትምህርት ቤቱ ግን የነጥብ ጽሕፈትን እንደ መደበኛ ፊደል አልተቀበለውም። የዓይናሞቹ መምህራን ክርክር እንዲያው የሚናቅ አልነበረም፤ ዓይነ ስውር ዓይናማ የማያነበውን ፊደል ከያዘ ከኅብረተሰቡ ተለይቶ ይቀራል የሚል ነበር። በ1840 ሥልጣን የያዘው ዳይሬክተር ዱፎ የነጥቡን ጽሕፈት ከለከለ። አሮጌዎቹ ጎባጣ መጻሕፍት ተቃጥለው በእነሱ ፈንታ ከብሪታንያና ከአሜሪካ የተገኘ ሌላ ዓይነት ጎባጣ የላቲን ፊደል ተተካ። ተማሪዎቹ ግን የቀመሱትን ነገር አልተዉትም፤ ተደብቀው መጻፋቸውን ቀጠሉ። የምክትል ዳይሬክተሩ የጓዴ ልብ የተሸነፈው ይህን በማየት ይመስላል። በፌብሩዋሪ 1844 የትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ የብሬል ዘዴ በሕዝብ ፊት ተገለጠ፤ አንድ ልጅ በቃል የተነገረውን ጽፎ፣ ያልሰማ ሌላ ልጅ ገብቶ አነበበው። ከዚያ በኋላ ክልከላው አልጸናም።

የብሬልን ታላቅነት በስድስቱ ነጥቦች ብቻ የሚለኩ ሰዎች ሌላውን ሥራውን ይረሱታል። የዱፎ ክርክር ከፊል እውነት እንደ ነበረው ብሬል ራሱ ያውቅ ነበር፤ ነጥቡ ለማንበብም ለመጻፍም ቢያመችም ኩቭሬ ያለችው እናት ልታነበው አትችልም። ስለዚህ በ1839 ሁለተኛ ዘዴ አሳተመ። በዚህ ዘዴ ዓይነ ስውሩ የላቲኑን ፊደል ቅርጽ ቁመቱ ዐሥር ነጥብ በሆነ ሠንጠረዥ ላይ፣ የእያንዳንዱን ነጥብ ቦታ በቁጥር እያስታወሰ በነጥብ ይሥላል፤ ዓይናማው ያለ አስተማሪ ያነበዋል። ሥራው አዝጋሚ ስለ ነበረ፣ እንደ እሱ ዓይነ ስውርና የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው ፒዬር ፉኮ በ1841 ዐሥር መምቻ ያለው መሣሪያ ሠራለት። ራፊግራፍ የተባለው ይህ መሣሪያ የንግድ ጽሕፈት መኪና ገበያ ላይ ከመዋሉ በሠላሳ ዓመት ያህል ይቀድማል።

እንግዲህ በዓለም የታወቀውን የዓይነ ስውራን ፊደል የፈጠረው ሰው የገዛ ፈጠራው ለሁሉ ጉዳይ ይበቃል ብሎ አልደመደመም። ማስታወሻው ለራስ፣ ደብዳቤው ለዓይናማ፣ ሙዚቃው ለተጫዋቹ መሆኑን ለይቶ፣ ለየአንዳንዱ የሚስማማውን ፈለገ። መምህራን ለተማሪ መሣሪያ ሲመርጡ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪውን ዓይነ ስውር ወይም እጀ ደካማ ብለው ከሰየሙት በኋላ ለስሙ መሣሪያ ይሰጣሉ፤ ምን እንደሚጽፍና ማን እንደሚያነብለት አይጠይቁም።

ብሬል ከ1835 ገደማ ጀምሮ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ነበር። ትምህርት ቤቱ የነበረበት አሮጌ ሕንፃ እርጥበት የበዛበት ስለ ነበረ ለብዙ ተማሪዎች ጤና ጠንቅ እንደ ሆነ ይታመናል። ጃንዋሪ 6 ቀን 1852፣ አርባ ሦስተኛ ዓመቱን በያዘ በሁለተኛው ቀን አረፈ። ፓሪስ ያሉ ጋዜጦች ዜና ዕረፍቱን አላወጡም። የገዛ ትምህርት ቤቱ ዘዴውን በይፋ የተቀበለው በ1854፣ ማለት እሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1878 ፓሪስ ላይ የተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤም ለሌሎች አገሮች መረጠው። ከሞተ በመቶኛው ዓመት፣ በ1952፣ ዐፅሙ የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ወደ ፓንቴዮን ተዛወረ፤ የእጆቹ አፅም ግን በኩቭሬ እንዲቀር ተደረገ።

ለላቲን ፊደል የተበጀው ዘዴ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ሌላ ጥያቄ አስነሣ። የአማርኛ ፊደል ሠላሳ ሦስት ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ሆሄያት ይሆናል፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ከስድስት ነጥብ የሚገኘው ምልክት ግን 63 ብቻ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ይጻፋሉ። ላ ለማለት የልን ምልክት አስቀድሞ የአናባቢውን ማስከተል ነው። ዓይናማ በአንድ ቅርጽ የሚጽፈውን ዓይነ ስውሩ በአብዛኛው በሁለት ይጽፈዋል ማለት ነው፤ ወረቀቱም ጊዜውም የዚያኑ ያህል ይጨምራል።

በአርሲ የሚማር ልጅ ሸክም ከዚህም ይሰፋል። ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ እንግሊዝኛም እንዲሁ፤ አማርኛ በግዕዝ ፊደል። ስለዚህ አሰላ የተቀመጠ ዓይነ ስውር ተማሪ አንዱን የነጥብ ምልክት በአንዱ ትምህርት ክፍለ ጊዜ የላቲን፣ በሌላው የግዕዝ ፊደል አድርጎ ማንበብ ይኖርበታል። በኦሮምኛ አናባቢ ሲረዝም፣ ተነባቢም ሲጠብቅ ፊደሉ ስለሚደገም የነጥቡ ጽሑፍ ይረዝማል። መምህሩ ተማሪው ዘገምተኛ ነው ከማለቱ በፊት ይህን መቁጠር አለበት። የአገሩ አየርም የራሱ ድርሻ አለው። አሰላ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ በቆጂ ደግሞ ከእሷም ትበልጣለች። በውርጭ ማለዳ የቀዘቀዘ ጣት ነጥብ አጥርቶ አይለይም፤ እጁ በእርሻ ሥራ የሻከረ ልጅም እንዲሁ ይቸገራል። ጠዋት ያቃተው ንባብ ከቀትር በኋላ ሊቃናለት ይችላል።

መሣሪያዎቹም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ስሌትና ስታይለስ ቀላልና ርካሽ ነው፤ በከረጢት ይያዛል፤ መብራት አይፈልግም። ነገር ግን ነጥቡ ከወረቀቱ ጀርባ ስለሚበሳ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ተገልብጦ ይጻፋል፤ የጻፉትን ለማንበብ ወረቀቱን አውጥቶ መገልበጥ ያሻል። በ1951 በአሜሪካ ዴቪድ አብርሃም ሠርቶት በብዛት መመረት የጀመረው ፐርኪንስ ስድስት መምቻ አለው፤ ነጥቡ ወደ ላይ ስለሚወጣ ተማሪው እየጻፈ ያነባል፣ ስሕተቱን ወዲያው ያገኛል። ክብደቱ ግን አምስት ኪሎ ግድም ነው፤ ከሳጉሬ ዙሪያ በእግሩ ለሚመላለስ ልጅ ይህ ክብደት ትንሽ አይደለም። ኮምፒዩተርና ስልክ የተጻፈውን በድምፅ ያነባሉ፤ ዓይናማው መምህርም ሥራውን ያለ ተርጓሚ ያያል፤ ብሬል በዐሥሩ ነጥብ የደከመለት ጉዳይ ይኸው ነበር። ሆኖም ፕሮግራሙ እንግሊዝኛን የሚያነበውን ያህል አማርኛንና ኦሮምኛን አጥርቶ ማንበቡ፣ መብራት በጠፋበት ቀንም ተማሪው በምን እንደሚጽፍ ከመሣሪያው ግዢ በፊት መታየት ይገባዋል። ዓይኑ ከፊል የሚያይ ልጅ ደግሞ ከነጭራሹ ነጥብ ላያስፈልገው ይችላል፤ ወፍራም እርሳስ፣ ደማቅ መስመር ያለው ደብተርና ከመስኮት አጠገብ ያለ ወንበር የሚበቃው አለ። ዓይኑ ደህና ሆኖ እጁ የማይታዘዝለት ተማሪም ቢሆን ሲናገር የሚፈሰው ዐሳብ ሲጽፍ በምን ላይ እንደሚሰናከል ሳይታይ መኪና ሊታዘዝለት አይገባም።

በአርሲ ደጋ ግርጌ ሻሸመኔ ላይ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። በመደበኛው ትምህርት ቤት ግን ነጥብ የሚያነብ መምህር ስለማይገኝ ተማሪው መልሱን በቃል ተናግሮ ሌላ ሰው እንዲጽፍለት ማድረግ ይቀናል። ይህ በፈተና ቀን ይጠቅማል። ለድርሰት ትምህርት ግን እምብዛም አይረዳም፤ ተማሪው የጻፈውን ተመልሶ አይዳስሰውም፣ ሥርዓተ ነጥቡንም አጻጻፉንም ሌላ ሰው ይወስንለታል፤ ሉዊ በቤሽሬ ክፍል እንደ ነበረበት ሁኔታ መሆኑ ነው። ምርጫውን ለመፈተን ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ለአንዱ ተማሪ ተመሳሳይ ክብደት ያላቸው ርዕሶች ይሰጡትና አንዱን በስሌት፣ አንዱን በፐርኪንስ ወይም በኮምፒዩተር፣ አንዱን በቃል እየተናገረ ያስጽፍ። ይህም በአንድ ቀን ሳይወሰን፣ ጠዋትም ከቀትር በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ይደገም። ከዚያ ስንት መስመር እንደ ጻፈ፣ ስንት ስሕተት እንደ ሠራ፣ ስሕተቱን ስንት ጊዜ ራሱ አግኝቶ እንዳረመ፣ ምን ያህል እንደ ደከመው በየተራ ይመዝገብ። የትኛውን እንደሚወድም ተማሪው ራሱ ይጠየቅ።